ፈረንጁ ምን አለ?

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለስብኝ የቢላዋ ድምፅ ነው። አዲስ አበባ በምሠራበት ስቱዲዮ ውስጥ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የውጭ ዘጋቢ ፊልሞችን ወደ አማርኛ ስመልስ፣ አልፎ አልፎ አንድ አትክልተኛ ውሃ የጠገበ ግንድ በስለታም ቢላዋ ሲቆርጥ እሰማለሁ፤ ሽርክ ይላል፣ ቀጥሎ ቅጠሉ ዘፍ ብሎ ይወድቃል። ያን ጊዜ ፊልሙን አቁሜ፣ ማዳመጫውን አውልቄ ትንሽ እቀመጣለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ጆሮዬን የሚያመኝ ይመስላቸዋል፤ እኔም አዎ እላቸዋለሁ። የሚያመኝ ግን ሌላ ነው፤ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ቦንጋ ውስጥ፣ የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ እንሰቶች ቅጠላቸው አንድ በአንድ ሲወርድ፣ አጥሩ ላይ ተንጠላጥላ «አዎ፣ እንደሱ ነው» ትል የነበረችው ልጅ እኔ ነኝ።

አባቴ የታሪክ መምህር ነበር። ከጎጃም ተመድቦ ሲመጣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብሎ እንደነበር እናቴ እየሳቀች ትናገር ነበር፤ እሷም በዞኑ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ተቀጥራ፣ እኔን ወልደው፣ ቤት ሠርተው፣ ሁለቱ ዓመታት በዚያው ዕድሜ ሆነው ቀሩ። በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ እትዬ አስካለና ልጃቸው ብርቄ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ፣ አንዳንዴም ሲቆጣጡ እንሰማ ነበር፤ ድምፁን እንደ ዝናብ ድምፅ ለምደነው ስለነበር ምን እንደሚባባሉ ለማወቅ ማናችንም ፈልገን አናውቅም። እነሱ ወደ እኛ ቤት ሲመጡ በአማርኛ ይናገራሉ፤ ይህም ፀሐይ በምሥራቅ እንደ መውጣቷ ያለ ነገር ይመስለን ነበር። ብርቄ የክፍል ጓደኛዬ ስለነበረች አማርኛዋ ከእኔ አይለይም፤ እናቷ ግን ቃል እየቸገራቸው፣ በየመሃሉ «እሺ፣ እሺ» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ቴሌቪዥኑና ዲሹ የገቡት አምስተኛ ክፍልን ጨርሼ እረፍት ላይ በነበርኩበት ክረምት ነው። በሰፈራችን የመጀመሪያው ዲሽ ስለነበር ሲገጠም የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጭቃው ላይ ቆሞ አይቶታል። አባቴ ድራማ አይወድም፣ ዘፈን ሲመጣ «ቀይሩልኝ» ይላል፤ የሚወደው ዘጋቢ ፊልም ብቻ ነበር፤ እሱንም በደረጃ ከፋፍሎ፣ መጀመሪያ ታሪክ፣ ቀጥሎ ሳይንስ፣ ሌላ ሁሉ ሲጠፋ ደግሞ አትክልት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ጎረቤት ይጠራ ነበር። እትዬ አስካለ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ሶፋው ባዶ እንኳ ቢሆን በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ እኔና ብርቄ ምንጣፉ ላይ እንነጠፋለን።

ፊልሞቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበሩ። በመጀመሪያው እሑድ አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ መነጽሩን ወልውሎ፣ «ይቺ ልጅ በእንግሊዝኛ አንደኛ ናት፤ እሷ ታስረዳን» አለ። አንደኛስ ነበርኩ፤ ነገር ግን እንግሊዝኛዬ ይህ እስክሪብቶ ነው፣ ያ መስኮት ነው ከማለት ብዙ የሚያልፍ አልነበረም፤ በፊልሙ የሚናገረው ሰውዬ ደግሞ ቃላቱን አላምጦ ግማሹን የሚውጥ ነበር። ቢሆንም ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ስለነበረ፣ የሚታየውን እያየሁ የሚባለውን መገመት ጀመርኩ። አንበሳው ሲሮጥ «ርቦት ነው» አልኩ፤ ማን ይከራከረኛል? አባቴም ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «ልክ ነው» አለ። እሱም ከመጽሐፍ የሚያነበውን እንግሊዝኛ እንጂ የሚነገረውን እንደማይሰማ ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ውሸቱን ያሳደገልኝ ዝናቡ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። በክረምት ጣሪያው ላይ መውረድ ሲጀምር ምስሉ ይቆራረጥና ድምፁ ይጠፋል፤ አንበሳው ሚዳቋዋን ሊይዛት አንድ ዝላይ ሲቀረው ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ «ከዚያስ?» ይለኝ ነበር፣ ታሪኩን እኔ የጻፍኩት ይመስል። እኔም ሚዳቋዋን አስመልጣታለሁ፣ ቀኑ ከከፋብኝም አስበላታለሁ። የግብፁን ንጉሥ ከድመቱ ጋር ያስቀበርኩት ድመቷ ከሚስቱ ይልቅ ታማኝ ስለነበረች ነው፤ እናቴ በዚህ በጣም ስቃለች። ስለ ጨረቃ የሚያወራ ፊልም ሲመጣ ደግሞ፣ አፈሯን የሚዝቁት ቡና ይበቅልባት እንደሆነ ሊሞክሩ ነው አልኩ። እትዬ አስካለ ለረጅም ጊዜ አስበውበት «ጥላ ዛፍ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ከሁሉም በላይ ሳቅኩ። ዛሬ ሳስበው በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ቡና አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ፊልም በጀመረ ቁጥር «ፈረንጅ ምን አለ?» ይሉኝ ነበር እትዬ አስካለ። ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ያቺን ጥያቄ ነበር። ትምህርት ቤት አንደኛ መውጣት ሌላ ነው፤ ትልቅ ሰው ከዱካው ወደ አንቺ ጎንበስ ብሎ ዓለም ምን አለች ብሎ ሲጠይቅሽ ግን ልብሽ ያብጣል። የኔ አብጦ ነበር።

ዝናቡ ቀለል ብሎ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ ሰፈሩ ወደ ለቀማ ይሄድና እሑድ የሚመጣው ሰው ይቀንስ ነበር። እትዬ አስካለ ግን አይቀሩም። ባላቸው የሞቱት እኔና ብርቄ አንደኛ ክፍል ሳለን ነው፤ ትተውላቸው የሄዱትም ጓሮው ነው፣ ከቤቱ ኋላ በረድፍ የቆሙ አርባ የሚያህሉ እንሰቶች፣ ትልልቆቹ ከጣሪያ በላይ፣ ትንንሾቹ ገና ከጉልበት በታች። እንሰት ያላየ ሰው ሙዝ ይመስለዋል፤ የሚበላው ግን ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው፤ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ቆጮ ይሆናል፣ ለዚያም እስኪደርስ አምስት ስድስት ዓመት ይጠበቃል። የአንድ ቤት ጓሮ ማለት እንግዲህ የመጪዎቹ ዓመታት ቀለብ ማለት ነው። በዚያ ኅዳር ከአርባዎቹ የሦስቱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ፣ ጠውልጎ ወደ ታች ተንጠለጠለ። አጠውልግ የሚሉት በሽታ ነው። እትዬ አስካለ ጠዋት ጠዋት ሦስቱ ፊት ቆመው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ሲያዩአቸው ከመስኮታችን አያቸው ነበር።

በዚያው ወር አንድ እሑድ፣ ታሪኩም ሳይንሱም ጠፍቶ አትክልት ላይ ወደቅን። ቀኑ ብራ ስለነበረ ምስሉ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ጭቃ የነካው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጽጌረዳውን አሳየን፣ ጎመኑን አሳየን፣ ከዚያ ግቢውን ዞሮ ወደ ጥጉ ሲሄድ እዚያ ቆሞ የሚጠብቀው እንሰት ነበር። ለጌጥ የተከለው፣ አበባ መሃል የቆመ፣ ቅጠሉ ቀላ ያለ እንሰት። እትዬ አስካለ ከዱካቸው ተነሡ። ወደ ቴሌቪዥኑ ቀርበው፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ «እንሰት ነው» አሉ በቀስታ። «የኛ እንሰት።»

ፈረንጁ ከኪሱ ቢላዋ አወጣ። ስለ ቢላዋው ብዙ ተናገረ፤ ከዚያ የእንሰቱን ቅጠል አንድ ሳያስቀር ሽርክ፣ ሽርክ እያደረገ ጣለው። የቀረውን ራቁት ግንድ በደረቅ ሣር ጠቅልሎ በገመድ አሰረና መታ መታ አድርጎት ፈገግ አለ። ከዚያ ሁሉ ንግግር የለየሁት ቢላዋ የሚለውን አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ፈረንጅ ምን አለ?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

ድምፃቸው እንደ ሌላው እሑድ አልነበረም። በሌላው ጊዜ የሚጠይቁኝ ወሬ ነበር፤ አሁን የጠየቁኝ መድኃኒት ነው። ያ ልዩነት በዚያ ዕድሜዬም ቢሆን አልጠፋኝም፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝም አለመጥፋቱ ነው። አልሰማሁትም ብል ያበቃ ነበር። ነገር ግን አባቴ ይጠብቃል፣ ብርቄ አፏን ከፍታ ታየኛለች፣ እኔም በዚያ ቤት ውስጥ አልሰማሁም ብዬ አላውቅም።

«እንሰቱ ታሞበት ነው» አልኩ። «እንሰት ሲታመም ቅጠሉን ቆርጦ፣ ግንዱን በደረቅ ነገር ጠቅልሎ ማሰር ነው። በሽታው በቅጠሉ ይወጣል፣ ከዚያ አዲስ ያበቅላል ይላል።» ይህን ስናገር እጄን እንደ ቢላዋ ዘርግቼ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሰፋ አድርጌ ጠረግኩ።

«ልክ ነው» አለ አባቴ።

እትዬ አስካለ «እሺ፣ እሺ» አሉ። ከዚያ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በካፊኖኖ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ጥያቄ መሆኑን ከድምፃቸው አወቅኩ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ብርቄ ልታስረዳኝ አፏን ስትከፍት ቀደምኳትና «አዎ፣ አዎ» አልኩ፣ እጄን እንደገና ከግራ ወደ ቀኝ እየጠረግኩ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የቢላዋውን ድምፅ ከመንገድ ሰማሁት። ደብተሬን ጥዬ አጥሩ ላይ ተንጠለጠልኩ። ቢላዋው የሟች ባላቸው ነበር፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ፣ በሰፈሩ ስለቱ የተመሰገነ። ሦስቱን የታመሙ ጨርሰው ነበር፤ ወደ አራተኛው አለፉ። አራተኛው ደኅና ነው። ቅጠሉ ሰፊ፣ አረንጓዴ፣ ምንም ያልነካው። ለምን ይህን? አልኩ በሆዴ። እትዬ አስካለም ቢላዋውን እንዳነሡ ቆም ብለው ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ያ አስተያየት ጥያቄ ነበር፤ አይደለም ብላቸው ያቆሙ ነበር። ግን አይደለም ካልኩ፣ ታዲያ ምንድን ነው ያለው ይሉኛል፤ ለዚያ ደግሞ መልስ አልነበረኝም።

«አዎ፣ እንደሱ ነው» አልኩ።

ቢላዋው ከታመመው እንደረጠበ ወደ ደኅናው፣ ከደኅናው ወደ ሌላው ደኅና ሄደ። ፀሐይ ሳትገባ፣ ለመጠቅለል ገና ናቸው ከተባሉት አራት ትንንሾች በቀር ጓሮው በሙሉ ቅጠሉን አራግፎ፣ በደረቅ ኮባ ተጠቅልሎ፣ ብርድ እንደያዘው ሰው ቆሞ ነበር። እትዬ አስካለ እጃቸውን ታጥበው፣ ከወደቁት ቅጠሎች አንዱን ቀድደው በላዩ ማር አድርገው አመጡልኝ። «ለኔ መምህርት» አሉኝ። ማሩን በላሁት። ጣፋጭ ነበር፤ ያንንም አልረሳሁትም።

በገና ሰሞን ከተቆረጡት መሃል አዲስ ቅጠል ብቅ ብቅ አለና እትዬ አስካለ እናቴን እየጎተቱ አሳዩአት። እኔ ራሴ ያልኩት እውነት መስሎኝ ነበር፤ ሰው የራሱን ውሸት እንዲህ ሊያምን ይችላል። በጥምቀት አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። በየካቲት ግንዶቹ ሲነኩ ልም ልም ይሉ ጀመር፤ ከተቆረጡበት ላይ ቢጫ ፈሳሽ ይወርድ ነበር፤ የበሰበሰ ሽታው አጥሩን አልፎ ምሳ ስንበላ ይገባብን ስለነበር እናቴ የኋላውን መስኮት ዘጋችው። እኔ ያንን መስኮት ከዚያ በኋላ ከፍቼ አላውቅም። ወደ ትምህርት ቤት የምሄደውም በላይኛው መንገድ ዞሬ ነበር፤ ብርቄ ለምን እንደማልጠብቃት ስትጠይቀኝ ቤት መጥረግ አለብኝ እላት ነበር።

በመጋቢት አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ በየጓሮው እየዞረ መጣ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ መሃላችን ያለው አጥሩ ብቻ ስለሆነ የሚባባሉት ሁሉ ይሰማኛል። «የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ ማቃጠል ነው፣ እትዬ» አላቸው። «ቢላዋዎን ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሄድዎ በፊት በእሳት ያሳልፉት። በሽታው የሚዞረው በቢላዋ ነው። እነዚህ አራት ትንንሾች ገና ደኅና ናቸው፣ ይተርፋሉ።»

«ፈረንጅ ያለውን አድርጌአለሁ» አሉ እትዬ አስካለ። «እሱም እንሰት አለው። አልሆነም። አንተ ከፈረንጅ ትበልጣለህ?»

«የምን ፈረንጅ?» አለ ልጁ ግራ ገብቶት።

ወደ ቤታችን ሲያመለክቱ ይታየኛል። እኔ እርጥብ አንሶላ ይዤ ቆሜአለሁ። ቢላዋ። ያን ቀን ከፈረንጁ አፍ የለየኋት ብቸኛ ቃል እሷ ነበረች፤ ስለ ምን ያን ያህል እንዳወራባት እዚያው ቆሜ ገባኝ። ሦስት እርምጃ ብራመድ፣ «ልጁ ልክ ነው፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት» ብል አራቱ ይተርፉ ነበር። አንሶላውን ቅርጫት ውስጥ መልሼ ከትቼ ወደ ቤት ገባሁ። እትዬ አስካለ በዚያው ቢላዋ የአራቱን የታች ቅጠል አጸዱ፤ ሰኔ ሲገባ አራቱም አልነበሩም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ቁጣ ሳይሆን ማጽናናት ነው። ጓሮው ከተመነጠረ በኋላ አንድ ቀን እናቴ ስታለቅስላቸው፣ እሳቸው እኔን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ጸጉሬን እየደባበሱ፣ «ልጅቱ ምን ታድርግ? ያለውን ነገረችኝ። ፈረንጅ ያለው ለፈረንጅ አገር ነው» አሏት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። አንገቴን ደፋሁ፤ ይህንንም ሁሉም ሐዘን ነው ብለው ተረጎሙልኝ።

በመስከረም ምዝገባ ሲጀመር ብርቄ አልመጣችም። እናቷ የሰው ቡና ለመልቀም ወደ ማንኪራ መመላለስ ስለጀመሩ፣ እሷን ቢታ ገነት ከተማ ያሉት አጎቷ ቤት ሰደዷት፤ ሱቅ እንድታግዝ ተብሎ። መኪናው ላይ ስትወጣ ደብተሮቿን ለእኔ ሰጠችኝ፣ ገና ያልተጻፈባቸው ገጾች አሉ ብላ። እትዬ አስካለ እሑድ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ጫማቸውን አውልቀው ዱካቸው ላይ ይቀመጡና ፊልሙን ያዩ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣም ሰማያዊውን ያዩ ነበር። ፈረንጅ ምን አለ ብለው ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። አባቴ «እስኪ አስረጂን» ሲል ራሴን ያመኛል እል ነበር፤ ውሸቱን ተውኩ ስል እንኳ በሌላ ውሸት ነበር የተውኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዬ ከውጭ ሲታይ የታታሪ ተማሪ ዕድሜ ነው። እንግሊዝኛን እንደ ዕዳ አጠናሁት፤ ዩኒቨርሲቲም ያንኑ ተማርኩ፤ ሥራዬም ይኸው ሆነ፣ የሳይንሱን፣ የታሪኩን፣ የአትክልቱን ፊልም አማርኛ ማድረግ። ያልለየኋት አንዲት ቃል ካለች ሃያ ጊዜ መልሼ አዳምጣለሁ፤ ካልሆነም «ይህ አልተሰማኝም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ባልደረቦቼ በዚህ ያሾፉብኛል። ያንን የሽማግሌ ፈረንጅ ፊልምም በኢንተርኔት ለዓመታት ፈልጌዋለሁ። ባለፈው ክረምት አገኘሁት። ሱሪው ላይ ያለው ጭቃ ሳይቀር እንዳለ ነው። እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት፤ ከዚያ ቤቴ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በጥር ስልኬ ውስጥ ይዤው ቦንጋ ሄድኩ። ጠዋት ነበር፤ አባቴን ሰላም ብዬ ሳልቀመጥ ወደ ጎረቤት ተሻገርኩ። ያ ጓሮ አሁን ጎደሬና ጥቂት የቡና እግር ነው፤ ቤቱ ጥግ ላይ ሁለት ለጋ እንሰቶች ቆመዋል። እትዬ አስካለ አርጅተዋል፣ አንድ ዓይናቸው ደክሟል፤ ዱካ አወጡልኝና እሳቸውም በአንዱ ላይ ጎኔ ተቀመጡ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደ ደኅናው ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ፈረንጁ ወደ ጥጉ ሄደ፣ ቢላዋውን አወጣ፣ ተናገረ፣ ቆረጠ፣ ጠቀለለ፣ መታ መታ አደረገ።

«ፈረንጅ ምን አለ?» አሉኝ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ።

«ይህ እንሰት አልታመመም» አልኳቸው፣ ቀስ ብዬ። «የሚጠቀልለው በአገሩ በረዶ ስለሚወርድ ነው፣ ብርዱ እንዳይገድለው። ሞቃት አገር ይህን አታድርጉ ይላል። የታመመ ካለ ነቅላችሁ አቃጥሉ፤ ቢላዋውንም ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሄዳችሁ በፊት በእሳት አሳልፉት ይላል።» ከስልኩ ቀና አልኩ። «ያኔ አልሰማሁትም ነበር፣ እትዬ። ከራሴ ፈጥሬ ነው የነገርኩዎት። የግብርናው ልጅ ሲመጣም እውነቱ ገብቶኝ ነበር፤ ዝም አልኩ።»

ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «በረዶ ነው» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያን ቀን አንድ ነገር ጠየቅኩሽ። ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ምን አልኩሽ?»

አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ቀን ቃል በቃል ሳመነዥክ፣ ያቺን ጥያቄ እንደ ምንም ነገር አልፌአት ነበር የኖርኩት። እሳቸው መለሱልኝ።

«የደኅናውንም? ነው ያልኩሽ። አዎ አልሽኝ፣ ሁለት ጊዜ።» እጃቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ሰፋ አድርገው ጠረጉ፣ ልክ እንደኔ። «እኔም ያወራሽውን ግማሹን አልሰማሁም። እጅሽን አየሁ። እጅሽ ሁሉንም አለ። ድገሚ ልልሽ ነበር፤ መምህር አባትሽ አሉ፣ ሰው አለ፣ አፈርኩ።»

እኔ የፈረንጁን እጅ አይቼ ተናገርኩ፣ እሳቸው የኔን እጅ አይተው ቆረጡ። ፈረንጁ ምን አለ ብዬ ዕድሜዬን ስፈልግ፣ እትዬ አስካለ ምን አሉ ብዬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ከአጥሩ ወዲያ ነበሩ። ይቅርታ ልል የያዝኩት ቃል ሁሉ አነሰብኝ፤ ቢሆንም አልኩት። እሳቸውም ይቅር አልኩሽ አላሉኝም፣ አልልሽም አላሉኝም። ተነሥተው ወደ ሁለቱ ለጋ እንሰቶች ሄደው፣ ቅጠላቸውን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

«ለብርቄ እኔ አልነግራትም» አሉኝ ተመልሰው ሲቀመጡ። «ቢታ ገነት ሂጂ፣ አንቺ ንገሪያት። በኛ ቋንቋ ንገሪያት። በአማርኛ ከነገርሻት፣ አማርኛውን ብትችልም፣ እሷም እንደኔ እሺ፣ እሺ ትልሻለች።»

ከዚያ እንዴት ብዬ እንደምነግራት በካፊኖኖ አሉልኝ፤ ረዘም ያለ ነገር ነበር። የማውቀው ሰላምታውን ብቻ ነው፤ ያንንም አስተካክዬ አልለውም። ድሮ ቢሆን አዎ፣ አዎ ብዬ እነሣ ነበር።

«እትዬ፣ አልገባኝም» አልኳቸው።

ዱካቸውን ወደ እኔ ጠጋ አድርገው፣ ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብለው ጀመሩ።